ጠባሳህ በየትኛው በኩል ነበር

ቶሎሳዬ፣

እንዴት ከረምክ አልልህም። የት እንደጣሉህ ሳላውቅ እንዴት ነህ ማለቱ ፌዝ ይመስለኛል። ከተለየኸኝ አሥር ዓመት ሊሞላ ነው። እስካሁን አንዲት መስመር ያልጻፍኩልህ ረስቼህ እንዳይመስልህ፤ ተናድጄብህ ነው። ጎረቤቱ በሹክሹክታ ገዳዮችህን ሲራገም እኔ በሆዴ የምራገመው አንተን ነበር። አሰሳ መኖሩን እያወቅህ ያን ቀን ለምን ወደ ቤት መጣህ? የባቡር ጣቢያው ወርክሾፕ ጓደኞችህ ኋላ ነግረውኛል፤ «ሚስቴና ልጄ ብቻቸውን ናቸው» ብለህ መፍቻህን ጥለህ ወጣህ አሉ። ማን ና አለህ? እኔ ጠርቼሃለሁ?

«እሳት» እያልክ ነበር የምትጠራኝ። እሳቱ አልበረደም። ይህን ስታነብ ድምፄ ጮክ ብሎ ቢሰማህ አትደንግጥ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። በረንዳው ጥግ የተከልከው ፓፓያ ጣሪያውን አልፎ ሄዷል፤ ፍሬውን የሚበሉት ግን ወፎቹ ናቸው፣ እኔ አልደርስበትም። ቆርቆሮው ዝገት በልቶት በክረምት ያፈሳል። ሌንሴ አድጋለች። ቁመቷ ያንተ ነው፣ ቁጣዋ የእኔ። እርሻ ኮሌጅ ጨርሳ ምደባ ስትጠብቅ ነበር። እኔ ደግሞ ጡረታ ወጣሁ። ትምህርት ቤቱ ሸኘኝ፤ ዳይሬክተሩ ረጅም ንግግር አድርጎ በስጦታ መልክ ጃንጥላ ሰጠኝ። ናዝሬት ውስጥ ጃንጥላ! አንተ ብትኖር ለዓመት ትስቅብኝ ነበር። ለፀሐዩ ይሆነኛል ብዬ ተቀበልኩ።

በማግስቱ ጠዋት የምሄድበት የለም። ተነስቼ ከአልጋው ሥር ያንን የእንጨት ሣጥን ጎተትኩት። ብሩሾቼ አንተ በላምባ አጥበህ በጋዜጣ እንደጠቀለልካቸው ነበሩ። ካንተ በኋላ ብሩሽ ነክቼ አላውቅም ነበር። ትምህርት ቤት እንኳ የሥዕሉን ክፍለ ጊዜ በክር ሥራ ለውጬ ልጆቹን ዳንቴል ሳሠራ ነው የኖርኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ከሰል ሳገኝ ግድግዳ የማቆሽሸው፣ አባቴ በአለንጋ ገርፎ ሊያስተወኝ ያልቻለው እኔ፣ አሥር ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር አልሳልኩም። ጋዜጣውን ስፈታው ያንተ እጅ ያጠፈው እጥፋት ነበረበት። እጥፋቱን ላለማበላሸት መልሼ ጠቀለልኩት፤ ከዚያ ደግሞ ተናድጄ ቀደድኩት።

አንተ ያላየኸውን ልንገርህ፤ ከበር ካስወጡህ በኋላ ያለውን። ያየኸውን አልደግመውም። ደጀኔ በሰደፍ አፍህን ሲልህ፣ ጥርስህ ምንጣፉ ላይ ሲወድቅ አብረን ነበርን። ሁለት ቤት አልፎ የሚኖረው ደጀኔ፣ ብስክሌቱን በነፃ ስትጠግንለት የኖርከው ደጀኔ! ያኔ የአብዮት ጥበቃ ሆኖ ነበር። የሠራተኞቹ ማኅበር ፀሐፊ ስለነበርክ ፀረ አብዮት አሉህ። አንተን ከወሰዱ በኋላ ደጀኔ ተመልሶ ገባ። የሠርጋችንን ፎቶ ከነመስታወቱ፣ አልበሙን ከነሽፋኑ ለማስረጃ ብሎ ወሰደ። ስትላጭ በከሰል የሳልኩህ ሥዕል ግድግዳው ላይ ነበር፤ እሱን ከእኔ ፊት ቆሞ ቀዳደደው። ቤታችን ውስጥ ያንተን ፊት የያዘ ነገር አልቀረም።

በማግስቱ ሌንሴን ይዤ አንተን ፍለጋ ስወጣ፣ ከጣቢያው ማዶ መንገዱ ዳር ሰው ተሰብስቧል። በጎንህ ተኝተሃል። አንዱ ጫማህ የለም። ደምህ አቧራው ላይ ደርቆ ጠቁሯል፣ ደረትህ ላይ «ቀይ ሽብር ይፋፋም» የሚል ካርቶን አድርገውብሃል፤ ዝንቡን እሽ የሚል ሰው የለም። ደጀኔ ጠመንጃውን እንዳነገተ ራስጌህ ቆሞ «ይህን ውሻ የሚያውቅ አለ?» ይላል። አውቃለሁ ያለ ከጎንህ እንደሚጋደም ሁላችንም እናውቃለን። ሌንሴ አባዬ ልትል አፏን ስትከፍት በእጄ ከደንኩት። ነከሰችኝ። አጥንቴ ድረስ ነከሰችኝ፤ እጄን ግን አላነሳሁም። ምልክቱ እስከዛሬ ብሩሽ በምይዝበት ጣቴ ላይ አለ።

ከሰዓት በኋላ መኪና መጥቶ ጭኖህ ሄደ። ድንኳን አልተተከለም። ዕድሩ አልመጣም። ነጠላዬን ማዘቅዘቅ እንኳ ተከለከልኩ፤ ለፀረ አብዮት ሐዘን የለም ተባለ። እናትህ አዮ ከዓለም ጤና ከተማ በሽንኩርት መኪና ተጭነው ሲደርሱ በሩን ዘግተን ሬዲዮኑን እስከመጨረሻው ከፈትነው። አዮ ደረታቸውን እየደቁ በኦሮምኛ ሲጮኹ፣ በላያቸው ላይ የአብዮት መዝሙር ያጓራል። ያለቀስንልህ እንደዚያ ነው። ከዚያ በኋላ አዮ ለበዓልም ለሰንበትም እኛ ቤት ሲመጡ ስምህን አያነሱም፤ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁኝ ነበር፣ ፎቶው ተመልሶ እንደሆነ።

ሥዕል እንድጀምር ያደረገኝ ይኸው ነው። ደጀኔ ያመጣዋል ብዬ ተስፋ ማድረጌን ትቼ እኔው ልሠራው ተነሳሁ። አሮጌ የመስኮት ፍሬም ላይ አቡጀዴ ወጥሬ፣ ኮላና ጀሶ ቀባሁበት። ሲደርቅ ተቀመጥኩ። ፊትህ እምቢ አለኝ፣ ቶሎሳ። ዓይንህ ይመጣል፣ አፍንጫህ ይመጣል፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ሌላ ሰው ይሆናሉ። አንዱ የሒሳብ አስተማሪያችንን መሰለ፣ አንዱ የማላውቀውን ሰው። አጠፋሁት፣ መልሼ ሠራሁት፣ አጠፋሁት። አንድ ቀን ደሜ ፈልቶ የሽንኩርት ቢላዋውን አንስቼ አቡጀዴውን ወጋሁት። አንዴ አይደለም። ሰው እንደሚወጋ ነው የወጋሁት፤ ሌንሴ ሮጣ መጥታ ከኋላዬ እስክትይዘኝ ድረስ። የምወጋው አንተን እንዳልነበረ ታውቃለህ። የምወጋው ሰው በየማለዳው በአጥሬ በኩል ሲያልፍ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ «ደህና አደሩ፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ?» ይለኝ ነበር። እኔም እግዜር ይመስገን እል ነበር። ምላሴን መቁረጥ የምመኘው ያኔ ነበር።

አሁን ደጀኔ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ሥዕል መጀመሬን ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ለአብዮቱ በዓል ወር ሲቀረው አስጠራኝ። ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ወረቀት እያገላበጠ «ጓድ ጥሩነሽ፣ እጅዎ መልካም መሆኑን ሰምተናል» አለኝ። ትልቅ ሰሌዳ ተሠርቷል፣ እዚያ ላይ ወታደር፣ ገበሬና ወዝ አደር መሳል አለባቸው፤ ሰሌዳው ከጣቢያው ማዶ ይተከላል። የት ማለቱ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ቀና ብሎ አላየኝም። እኔ ልተፋበት ምራቄን ሰብስቤ ነበር። ያኔ ግድግዳው ሥር የተደረደሩት የቀለም ቆርቆሮዎች ላይ ዓይኔ አረፈ። አዲስ የዘይት ቀለም! ሰማያዊው፣ ቢጫው፣ ቀዩ። ከድሮ ጀምሮ አንተ ከወርክሾፕ በጠርሙስ ቂጥ ከምታመጣልኝ በቀር በሕይወቴ ያን ያህል ቀለም አይቼ አላውቅም። ምራቄን ዋጥኩና እሺ አልኩት። እቤት ሳልደርስ ምን እንደማደርግ ወስኜ ነበር።

ሰሌዳው በቀበሌው አዳራሽ ግድግዳውን ሞልቶ ቆሟል። ወታደሩን ቶሎ ጨረስኩት፤ የወታደር ፊት አላስጨነቀኝም። ገበሬውንም በሬውንም ሠራሁ። ወዝ አደሩ ዘንድ ስደርስ መዶሻ አስያዝኩት፣ የባቡር ሠራተኛ ቆብ ደፋሁለት። ከቆቡ በታች ያለውን ባዶ ቦታ ቆሜ ሳየው ሶደሬ ትዝ አለኝ።

ታስታውሳለህ? ሌንሴ ሕፃን ነበረች። እኔ አዋሽ ዳር ተቀምጬ ስስል አንዷ ጦጣ መጥታ ቢጫ ቀለሜን ይዛ ዛፍ ላይ ወጣች። አንተ በባዶ እግርህ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ስታባርራት ተንሸራተህ በግንባርህ ተደፋህ። ቅንድብህ ተሰነጠቀ። ደሙ ዓይንህን ሞልቶት፣ ቀለም የምጠርግበትን ጨርቅ ይዤ ስጮህብህ አንተ ትስቃለህ፤ ቀይ ጎድሎት ነበር ሥዕልሽ አልክ። ጦጣዋ ላይ ድንጋይ ወረወርኩ፣ አንተንም በጥፊ ልልህ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጠባሳው ላይ ጠጉር አልበቀለም። በየማለዳው ስትላጭ ከኋላህ ቆሜ በዚያች ትንሽ መስታወት ውስጥ አይሃለሁ፤ ለቀልድ ምላጩን ወደ ጠባሳው ታነሳና በመስታወቱ ትጠቅሰኛለህ። በከሰል የሳልኩህም እንደዚያ ስትል ነበር።

መጣህ። መስታወቷ ውስጥ እንደነበርከው ሆነህ፣ ያችን ጥቅሻ ልትጠቅስ ስትል መጣህ። እየተሳደብኩ ነው የሳልኩህ። ማንን እንደምሳደብ አላውቅም፤ አንተንም፣ ደጀኔንም፣ ጦጣዋንም። ብሩሹን ሰሌዳው ላይ እየመታሁ፣ እንባዬ ቀለሙ ውስጥ እየገባ። ሌንሴ ምሳዬን ይዛ ስትገባ ቀና ብላ አየችና ሳህኑን ለቀቀችው። ልጅህ አሥር ዓመት ያላለችውን «አባዬ» አለች። ወዲያው ደግሞ በሩን ዘግታ መጥታ እጄን ያዘችኝ። «እማዬ፣ እሱን ገደሉት፤ አንቺን ደግሞ ከገደሉ እኔ ማን አለኝ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ደጀኔ ለይቶ ቢያይህ እኔን እስር ቤት፣ እሷን ያለ ምደባ አውጥቶ እንደሚጥላት እናውቃለን። አጥፊው ብላ ለመነችኝ። ማጥፊያውን ጨርቅ ላምባ ነክሬ ሰሌዳው ድረስ አደረስኩት። እጄ አልታዘዘኝም። በመጨረሻ የቆቡን ጠርዝ ግንባርህ ላይ ዝቅ አደረግሁላት። ጠባሳህን ግን አልሸፈንኩም።

ለማንም አልተናገርኩም። ለአዮ ብቻ ለበዓሉ ይምጡ ብዬ ላክሁባቸው። ሽንኩርታቸውን በማዳበሪያ ይዘው ዋዜማውን ደረሱ።

በበዓሉ ቀን ቀበሌው ሁሉ ሰልፍ ወጣ። መቅረት እንደማይቻል ታውቃለህ። የዕድራችን ሴቶች ነጭ ለብሰው ከእኛ ፊት ናቸው። ሰሌዳው ሥር ሲደርሱ የመጀመሪያዋ ቀና አለች፣ እርምጃዋን ሳተች። እየሄደች ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አዘቀዘቀችው። ቀጥሎ ያለችው ቀና አለች፤ እሷም አዘቀዘቀች። ከዚያ ሁሉም። ቶሎሳ፣ ያ ሁሉ ሴት ያንተን ሐዘን ለብሶ በሰሌዳህ ሥር አለፈ። የወርክሾፕ ጓደኞችህ ከኋላ ቆባቸውን አወለቁ። አንገቴን ደፋሁ፤ ቀና ብል እንደምጮህ አውቄ ነው።

አዮ ክንዴን ይዘው ነበር። ዓይናቸው ደክሟልና ቆመው አዩ፣ አዩ። ክንዴን ለቀቁ። «ኢልማ ኮ!» አሉና ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አወረዱት። ልጄን ማለታቸው ነው። አለቀልን አልኩ። ሌንሴ አፋቸውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ እኔ እጇን መታሁት። አሥር ዓመት የታፈነው ይበቃል። በዚያው ቅጽበት መድረኩ ላይ ያለው ሰውዬ በድምፅ ማጉያው ይውደም የሚባለውን ሲያስጮህ፣ የጣቢያው ሠራተኞች ግራ እጃቸውን አንስተው «ይውደም!» አሉ። ሰውዬው ሲያበቃ እነሱ አላበቁም። «ይውደም! ይውደም!» አሉ፤ ሴቶቹም ተቀበሉ፤ አዮ ጮኸው እስኪበቃቸው ድረስ ድምፃቸውን ሸፈኑላቸው፣ መንገዱ ተናወጠ። እኔም ጉሮሮዬ እስኪደማ ጮህኩ። በሕይወቴ ይውደም ያልኩት ከልቤ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ማን ይውደም እንዳልኩም አንተ ታውቃለህ። ደጀኔ መድረኩ ላይ ጨብጦ ያነሳው እጁ በግማሽ ቀርቶ ሰሌዳውን ያያል። ከዚያ እኔን አየኝ።

ማታውን ልብሳችንን ቋጥረን ጠበቅን። አልመጣም። በማግስቱ ረፋዱ ላይ በር ተመታ፤ ብቻውን ነው። ቀለም የምፍቅበትን ቢላዋ በቀሚሴ ኪስ ይዤ ወጣሁ። ከነካኝ ሆዱ ውስጥ ልከተው ነበር፤ ይህን ስነግርህ አላፍርም። ባርኔጣውን አላነሳም፣ ደህና አደሩም አላለኝም። በጣቱ የራሱን ግራ ቅንድብ ነካና «ጠባሳው በዚህ በኩል ነበር» አለኝ። ዞሮ ሄደ።

ውሸቱን ነው ብዬ ሮጬ ያንተን መስታወት አወረድኩት። ፊቴ ላይ ያዝኩት፣ የራሴን ግራ ቅንድብ ነካሁ። ያኔ ገባኝ። መስታወት ውስጥ ግራህ በግራ በኩል ነው የሚታየው፤ ፊት ለፊት ቆሞ የሚያይህ ሰው ግን ግራህን የሚያየው በቀኙ ነው። እኔ የሳልኩት መስታወቷ ያሳየችኝን ነው። ስንት ዓመት ፊት ለፊቴ በልተህ፣ ፊት ለፊቴ ስቀህ፣ እኔ ውስጥ የቀረኸው ግን መስታወት ውስጥ ያለኸው ነህ። ደጀኔ ግን ፊት ለፊት አይቶሃል። ተኩሶብህ ሲያይህ፣ አንተም ስታየው። የመጨረሻ ፊትህ ያለው እሱ ዘንድ ነው፤ አልጠፋበትምም። ቀናሁ፣ ቶሎሳ። በገዳይህ ቀናሁ። መስታወቷን ከግድግዳው ጋር አላተምኳት። ስብርባሪውን ሌንሴ ጠረገችው።

በሚቀጥለው ጠዋት ብሩሼንና ቀለሜን ይዤ፣ ያን ጃንጥላ ዘርግቼ በጠራራ ፀሐይ ወደ ሰሌዳው ሄድኩ። መሰላል ተደግፎ አገኘሁ። የቀበሌው ጥበቃ ምንም ሳይጠይቀኝ ሥሩን ያዘልኝ፤ ማን እንዳዘዘው አልጠየቅሁትም። ቀኝ ቅንድብህን ሞላሁት፤ ግራህን ሰነጠቅሁት። ጋሪ ነጂዎች ፈረሳቸውን አቁመው ያዩኛል። ወርጄ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ሳይህ፣ አንተው ነህ።

ደጀኔን ይቅር ብለሽዋል እንዳትለኝ። አላልኩትም፣ አልለውምም። ለምን ዝም እንዳለ አላውቅም። ፈርቶ ይሁን፣ ፊትህ አላስተኛው ብሎ ይሁን፣ የራሱ ጉዳይ ነው። ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ በአጥሬ በኩል አያልፍም፤ ዞሮ ነው የሚሄደው። ሌንሴም ምደባዋ አልተከለከለም፤ አዳሚ ቱሉ እርሻ ምርምሩ ዘንድ ደረሳት። በምትሄድበት ቀን ሻንጣዋን መናኸሪያ አስቀምጣ ብቻዋን ወደ ሰሌዳው ሄዳ እንደነበር ኋላ ሰማሁ። ለአዮ ትንሿን ሥዕልህን ሠርቼ ላክሁላቸው፤ የወጋሁት አቡጀዴ ላይ ነው፣ ቀዳዳውን በክር ሰፍቼ። ፎቶውን ከእንግዲህ አይጠይቁኝም።

ትናንት ከቀበሌ ሰው ተላከብኝ። የላብ አደሮች ቀን እየመጣ ነውና ሰሌዳውን አጥፍቼ ሌላ እንድስልበት ታዝዣለሁ። መጀመሪያ ልጮህ ነበር። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። መንገድ ዳር በተጋደምክ ጊዜ ነጠላዬን አውልቄ ላለብስህ አልቻልኩም። ገላህን አላጠብኩም፣ አልገነዝኩህም። ነገ ጠዋት ጀሶውን በጥብጬ፣ ከእግርህ ጀምሬ ወደ ላይ፣ ማንም ሳያጣድፈኝ በእጄ ነጭ አለብስሃለሁ። ፊትህን መጨረሻ ላይ ነው የምሸፍነው። ቆሜም እስኪበቃኝ አለቅስልሃለሁ፤ ቀለሙ ዓይኔ ገባ እላቸዋለሁ። የሚቀጥለው ሥዕል ላይም ወዝ አደር አይቀርም፤ እነሱ ያለ ወዝ አደር በዓል አያውቁም። በየዓመቱ ቢያስጠፉኝ በየዓመቱ እመልስሃለሁ፤ እጄ እስከታዘዘኝ ድረስ ከዚያ መንገድ ማዶ አትጠፋም።

ጀሶው ሲደርቅ ከግራ ቅንድብህ እጀምራለሁ።

ያንተው እሳት፣
ጥሩነሽ